የሚቃወም አለ?

መምህር አጥናፉ ስለ ነጻነት የተደረጉ ታላላቅ የፖለቲካ ንግግሮችን እያነጻጸረ አስራ አንድ ዓመት አስተምሯል። የትኛው ተናጋሪ አንዲት ቃል ደጋግሞ ሕዝብ እንዳነሳሳ፣ የትኛው በአጭር ዓረፍተ ነገር አዳራሽ ሙሉ ሰው እንዳስለቀሰ በቃሉ ይወጣዋል።

የሥራ ባልደረባው ወይንሸት አስተዳደሩን በመተቸቷ ልትባረር ስትል፣ «አይዞሽ፣ ስብሰባው ላይ እኔ እናገርልሻለሁ» አላት። ሦስት ቀን ሙሉም መስታወት ፊት ቆሞ ተለማመደ።

ሰብሳቢው «የሚቃወም አለ?» ሲሉ አጥናፉ ብድግ አለ። ወይንሸት ቀና ብላ አየችው። እሱ ግን ዓይኑን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«ሙቀቱ ከብዷል፤ መስኮቱን ልክፈተው?» አለ።

«ይቻላል» አሉ ሰብሳቢው። የወይንሸት መባረርም በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ወይንሸት ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ አጠገቡ ቆም አለች።

«በል አሁን ዝጋው» አለችው፤ «ንፋስ ይመታሃል።»