ሁለተኛ ገጽ የወረደ ለቅሶ

ባለቤቴን መርጊያን በቀበርን ማግስት የቀቀልኩት ንፍሮ ድስቱ ውስጥ ደረቀ፤ የሚቀምሰው ለቀስተኛ አልነበረም። የእድሩ ጥሩንባ ከቀረ ወዲህ ሰው ለቅሶ የሚደርሰው ዓይኑ ላይ ያጠለቀው ኢንተርኔት ያለው መነጽር ፈልጎ ወደመራው ቤት ብቻ ነው። መነጽሩ ያላስቀደመው ድንኳን ደጃፍ ላይ ቢያልፉም አይታያቸውም።

ደውዬ ያስመጣኋቸው የእድራችን ዳኛ አቶ ይርዳው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

«ወይዘሮ የሺመቤት፣ የመነጽሩ ፍለጋ ትናንት ሕጉን ቀየረ። አሁን የሚያስቀድመው ጩኸት የበዛበትን ለቅሶ ነው። የእርስዎ ወደ ሁለተኛ ገጽ ወርዷል፤ እዚያ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያይም።»

«መርጊያ እኮ የስንታችሁን ድንኳን በጭቃ ውስጥ ተክሏል!»

«አውቃለሁ።» ለቅሶውን ለመነጽሮቹ እንዲያሳይ ድንኳኑ ላይ ወደተሰቀለው ካሜራ ጠቆሙኝ። «እስቲ ለካሜራው ትንሽ ይጩኹ፣ ደረትዎንም ይምቱ። ለቅሶዎ ወደ ላይ ከፍ ይላል።»

የያዝኩትን ጭልፋ መሬት ላይ ወረወርኩት።

«አትጩኹብኝ ብሎ ተናዞ የሞተ ሰው ነው! ሞቱን ገበያ ላውጣላችሁ? እናንተ ጉዶች! ውጡልኝ ከቤቴ! ውጡ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ።

አቶ ይርዳው አልወጡም። መነጽራቸውን ነካ አደረጉና በሹክሹክታ «አንደኛ ወጣን» አሉኝ።

ወዲያው ግቢው በሰው ተጨናነቀ። ሃያ ዓመት ግድግዳ የተጋራኋት ጎረቤቴ ዘርትሁን ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች። አጠገቤ ተቀመጠችና ከደረቀው ንፍሮ ዘገን አድርጋ፣ ዙሪያዋን እየቃኘች ጠየቀችኝ፦

«የሺዬ፣ ጩኸቱ አለቀ እንዴ?»