አራት ቁጥር ሳጥን

አናጢው ሳጥኑን ከትከሻው አውርዶ ሽማግሌው እግር ስር ዱብ አደረገው። አቧራው ቦነነ።

«ይኸው፣ አባባ» አለ። «እዚህ ውስጥ የማይገባው ይቀራል።»

ይቺን ቃል ለመናገር አርባ ዓመት ጠብቋል። መንገዱን ሙሉ ሲለማመዳት ነው የመጣው፤ አንዴ ቆጣ ብሎ፣ አንዴ ቀዝቀዝ ብሎ። አሁን ከአፉ ስትወጣ ግን ተቻኩላ ወጣችበት።

አባቱ፣ ጡረተኛው ሻምበል፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ ሳጥኑን አዩት። ቀለሙ የለቀቀ አረንጓዴ ነው፤ ማጠፊያው ዝጓል። ክዳኑ ላይ በነጭ ቀለም አራት ቁጥር ተጽፏል። የጻፉት እሳቸው ናቸው። አንድ የራሳቸው፣ ሁለት የእናትየው፣ ሦስት የታላቅየው፣ አራት የእሱ።

ሻምበሉ ዕድሜያቸውን ከካምፕ ካምፕ ሲዛወሩ ነው የኖሩት። የዝውውር ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ቤት ውስጥ ፊሽካ ይነፋሉ፤ ቤተሰቡ ግማሽ ሰዓት አለው። ለአንድ ሰው አንድ ሳጥን። የማይገባው ይቀራል። መኪናው ከተነሳ በኋላ ደግሞ ዞሮ ማየት ክልክል ነው። በዚህ ዓይነት አናጢው ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ትምህርት ቤት ጀምሮ አንዱም ጋ ሳይጨርስ ቀረ።

እሱስ ይሁን። ከሆዱ ያልወጣችው በርጩማዋ ናት። አሥር ዓመቱ ላይ፣ የካምፑ አናጢ እንጨት መርጦ ሰጥቶት፣ አንዲት ምስማር ሳይመታባት በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሠራት ባለ ሦስት እግር በርጩማ። ፊሽካው ሲነፋ ሳጥኑ ውስጥ አልገባ አለች፤ በቁሟም ሞከራት፣ በጎኗም ሞከራት። «ትቀራለች» አሉ ሻምበሉ። የታላቅየው ብስክሌት ግን ሳጥን ሳያስፈልጋት መኪናው ላይ ወጣች። እንዴት ሆኖ ብሎ ቢጠይቅ «እሱ ሌላ ጉዳይ ነው» ተባለ።

ያ ሌላ ጉዳይ ዛሬ ኮሎኔል ሆኗል። ፎቅ ቤት አለው። «አባባን አደራ፣ እኔ ሥራው ፋታ አልሰጥ ብሎኝ ነው እንጂ» እያለ ይደውላል። ሻምበሉ የሚኖሩበትን የመንግሥት ቤት በሳምንት ውስጥ ልቀቁ ሲባሉ የተገኘው ልጅ፣ ከሥራ ቦታው ጀርባ አንዲት ክፍል ያለችው አራት ቁጥር ነው።

«ስንት ደቂቃ አለኝ?» አሉ ሻምበሉ።

«ግማሽ ሰዓት።»

ብድግ አሉ። ከባዱን ከታች፣ ተሰባሪውን በፎጣ ጠቅልለው መሀል፣ ሸሚዞቹን እንደ ደብዳቤ አጥፈው ከላይ። አናጢው ሊያግዛቸው እጁ አምልጦት ነበር፤ መልሶ ኪሱ ከተተው።

ሃያ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

የቀረችው ወንበሯ ናት። ጡረታ ሲወጡ ጓዶቻቸው አዋጥተው የሰጧቸው፣ መደገፊያዋ ላይ ስማቸውና ማዕረጋቸው የተቀረጸባት። ሥራዋ የሰነፍ ሥራ ነው፤ መጋጠሚያዋን ሙጫ ብቻ ነው የያዘው። እናትየው ከሞቱ ወዲህ ግን ሻምበሉ ቀኑን የሚውሉት እሷ ላይ ነው። አናጢው ይለምኑኛል ብሎ ነው የጠበቀው። አንዲት «እባክህ» ትበቃዋለች። ቦታዋን እንኳ ክፍሉ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ለክቶላት ነው የመጣው።

ሽማግሌው ሳጥኑን ዘጉ።

«ወንበሯስ?» አለ እሱው።

«ትገባለች?»

«አትገባም።»

«ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ?»

የጭነት መኪናው ሾፌር ገባና ቤቱን በዓይኑ ዞረው። «ይሄው ነው ዕቃው? እኔ እኮ ቤት ታዘዋውራለህ ብላችሁኝ ነው፣ ገመድ ስፈልግ ያደርኩት!» ወንበሯን አንስቶ ደጃፉ ላይ አወጣት። «አባቴ፣ መኪናው ባዶውን ነው የሚሄደው። ይቺን የመሰለች ወንበር ለማን ትተው ነው?»

«ትእዛዝ ነው» አሉ ሻምበሉ፣ በአገጫቸው ወደ ልጃቸው እያመለከቱ። «አዛዡን ጠይቅ።»

ፌዝ የለበትም፤ ቅሬታም የለበትም። አናጢውን ያንገበገበው ይሄ ነው። ቢሆንም ልቡ መራራት ጀምሯል፤ ጫናት ሊለው ወደ ሾፌሩ ዞረ።

ሻምበሉ በዚህ መሀል ጎንበስ ብለው የሳጥኑን ክዳን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ይሄ ሳጥን ይሄን ያህል ትንሽ ነበር እንዴ?»

አናጢው አርባ ዓመት የጠበቀው መጣ።

«ያንተ ዕቃ ግን» አሉ ሻምበሉ ቀና ብለው፣ «ሁልጊዜም ይበቃው ነበር። አንተ አላስቸገርከኝም።»

«በርጩማዬስ?»

«የምን በርጩማ?»

አናጢው አባቱን አያቸው። አልዋሹም። ከልባቸው ነው የሚጠይቁት።

«እንሂድ» አለ ሾፌሩን፤ ሳጥኑን ብቻ አንስቶ ወጣ።

ሦስቱም ጋቢና ገቡ። ሻምበሉ መሀል ተቀመጡ፤ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ ዓይናቸው ፊት ለፊት። መኪናው ሲነሳ አንገታቸው ንቅንቅ አላለም። ወንበሯ ደጃፉ ላይ፣ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳደረገች ቀረች። አናጢው በጎን መስታወቱ ያያታል። እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች፤ ኩርባው ጋ ሲደርሱ በርጩማ አክላለች።

በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ዞሮ አያት።