የዱመርሶ ሸምሱዎች

አቶ በፍቃዱ ስሙን ሲሰሙ ያነሡትን ብርጭቆ ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

«ሸምሱ ማን?»

«ሸምሱ ደበበ፣ ጋሼ። የዱመርሶ ልጅ ነኝ።»

ሸምሱ ዲላ ላይ ባጃጅ ይነዳል። ከዘጠነኛ ክፍል ወዲህ ደብተር አልያዘም፤ ምላሱ ግን ዲግሪ አላት። ዛሬ ያቺ ምላስ ደርቃለች። የሰውየውን ልጅ ሮሆቦትን ሊያገባት ይፈልጋል፤ አባቷ ደግሞ ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ራስህ ና ብለውታል።

አቶ በፍቃዱ የቸርች ሽማግሌ ናቸው። የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው፤ እሳቸው ግን መሪ አይጨብጡም፣ የምትነዳቸው ሮሆቦት ናት። ዘመድ የሚባል ሲጠይቃቸው ታይቶ አይታወቅም።

«አባትህ ሙስሊም ነበር?»

«ኧረ ጋሼ፣ ጴንጤ ነበር። በመዝሙር ነው የቀበርነው።»

«ታዲያ ይሄ ስም ከየት መጣ?»

«ዐረብኛ ነው አሉ። ፀሐይ እንደማለት...»

«ትርጉሙን አልጠየቅኩህም። ማን አወጣልህ? ለምን አወጣልህ?» ጎንበስ አሉ። «የበኩር ልጅ ነህ?»

«አዎ።»

«ካንተ በፊት የሞተ የለም?»

«የለም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ሸምሱ በሆዱ ተሳደበ። ሰውየው ልጃቸውን የሚድሩ ሳይሆን ገበያ ወጥተው በሬ የሚመርጡ ነው የሚመስሉት።

«ሂድና እናትህን ጠይቅ» አሉ። «መልሱን ሳትይዝ ሽማግሌ እንዳትልክብኝ።»

በሩ ላይ ሮሆቦት ጠበቀችው።

«አባዬ ምን አለህ?»

«ስሜን ጠላው።»

«አባዬ በሃይማኖት ሰው አይጠላም እኮ።»

«እንግዲያ እኔን ነው የጠላው» አለና ባጃጁን አስነሣ።

ተራ መጠበቂያው ጋ ጓደኛው ለሚ ጉዳዩን ሰምቶ ሳቀ። ለሚም የዱመርሶ ልጅ ነው።

«አንተ ልጅ፣ እስከዛሬ አልነቃህም? ሸምሱ የታሪኩ፣ ሸምሱ የኢዮስያስ፣ ሸምሱ የደበበ። ሁላችሁም ጴንጤ፣ ሁላችሁም እኩያ። ድሮ ቡና የሚጭን ሸምሱ የሚባል የስልጤ ሹፌር ነበረ አሉ።» ዙሪያውን አየና ድምፁን ከፍ አደረገ። «ሰውዬው ቡና ብቻ አይደለም ጭኖ የሄደው።»

ባለባጃጆቹ ሁሉ አውካኩ። ሸምሱም ከንፈሩን ገልጦ አብሮ ሳቀ። ብቻውን ሲሆን ግን የጎን መስታወቱን ወደ ራሱ አዞረ። አባቱ ደበበ አጭር ነበር። እሱ የባጃጁ ጣሪያ ነው የሚነካው።

ነገሩ እውነት ከሆነ ሮሆቦት ሄደች ማለት ነው። ዲቃላ ይዞ እኚያ ሰውዬ በር ላይ የሚቆም ሽማግሌ የለም።

እናቱን ገበያነሽን ዱመርሶ ያገኛት ከቡና ማድረቂያ አልጋው አጠገብ ቆማ ቡና ስታገላብጥ ነው።

«እማ፣ ሸምሱ የሚባለው ሹፌር ማነው?»

እጇ ቆመ። «ማን ነገረህ?»

«ከተማው በሙሉ ያወራል። አባቴ ማነው?»

የጨበጠችውን ቡና ፊቱ ላይ በተነችበት። ጥቂት ቆይታ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተደገፈች።

«አባትህ ደበበ ነው። ስማ። ያኔ ምጥ የያዛት ሴት ዲላ የምትደርሰው በቃሬዛ ነበር፤ ከደረሰች። ሸምሱ ግን የጫነውን ቡና አራግፎ ይወስደናል። ምንም አይቀበልም። እመኪናው ላይ ወንድ የወለደች ሸምሱ ትላለች፣ ሴት የወለደች ሸምሲያ። ሸምሲያዎቹ ባል አግብተው ሄደው ነው እንጂ እነሱም ሞልተው ነበር።»

ሸምሱ ትንፋሹ መለስ አለለት። «ታዲያ ይሄ ምኑ ይደበቃል?»

«አባትህ አፍሮ ነዋ።» አንገቷን ደፋች። «ያንተ ቀን ዝናብ ነበር። መኪናው ወንዙ ውስጥ ተቀረቀረ። አንተ እዚያው ተወለድክ፣ ድምፅ የለህም፣ ጠቁረሃል። አባትህ ልጄን ገደልክ ብሎ ቆንጨራ አነሣበት። ሰውዬው መኪናውን ከነቁልፉ ጥሎ ቡና ማሳው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። አብራን የነበረችው አዋላጅ አሰገደች ጀርባህን ስታሽህ፣ ስታሽህ አለቀስክ። አባትህ እየሮጠ ተጣራ፣ ማን ይስማው። ከዚያ ስሙን ላንተ ሰጠ። ነገሩን ግን እንዳናነሣ አስማለን፤ ይቅር ይበለኝ እንዳለ ሞተ።»

ሸምሱ ባጃጁን ዲላ ድረስ እያፏጨ ነዳ።

አቶ በፍቃዱ ሳሎን ተቀምጠው ጠበቁት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉዓለም ከመጋረጃው ወዲያ ናቸው፤ ጥላቸው ይታያል። ሸምሱ ከቃሬዛው ጀምሮ ተረከላቸው። ሰውየው እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ደብቀዋል።

«የኔ ቀን መኪናው ወንዙ ውስጥ ቆመ...»

«ከቡና ማጠቢያው በታች» አሉ።

«አዎ፣ እሱ ጋ። እኔ ስወለድ አላለቀስኩም፤ አባቴ ልጄ ሞተ ብሎ...» እስከ መጨረሻው ነገራቸው። «ሹፌሩን ባገኘው እግሩን እስማለሁ፣ ጋሼ። አባቴም ይቅር ይበለኝ እንዳለ ነው የሞተው።»

አቶ በፍቃዱ ተነሥተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሸምሱ በቃ አለቀልኝ አለ።

«ስሙ ከከበደዎት እቀይረዋለሁ» አለ ቶሎ ብሎ። «የክርስቲያን ስም አወጣለሁ። ለሮሆቦት ብዬ ይሄን አላደርግም?»

«እንዳትቀይረው» አሉ። ድምፃቸው የሳቸው አይመስልም።

መጋረጃው ተገለጠ። ወይዘሮ ሙሉዓለም እያለቀሱ ወጡ፤ ወጣቱን አልፈውት ሄዱና የባላቸውን ትከሻ ያዙ።

«ሸምሱ» አሏቸው፣ «ልጁ አልሞተም።»