ከቦሎኛ የመጣችው እንግዳ

«ማደሪያ የለኝም... ሁለት ቀን ብታሳድሩኝ።»

በሩን ስከፍት እንዲህ አለችኝ።

ቁመቷን የሚያክል ቦርሳ አዝላለች። ጫማዋ ጭቃ ብቻ ነው።

ቤታችን ፍራንክፈርት፣ ጋሉስ የሚባል ሰፈር ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለውም... ትንፋሿ ተቆራርጧል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«የእግዜር እንግዳ ነኝ።»

ፍራንክፈርት ላይ ይህን ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ባለቤቴ አፀደ ከኋላዬ ደረሰች።

«አስራት፣ ልጅቷን በር ላይ ልታቆማት ነው? ግቢ ልጄ... ኧረ ይሄ ቦርሳ ነው ቁምሳጥን?»

ልጅቷ ሳቀች። ገባች።

ስሟ ሃይሚ ነው። ተማሪ ናት። ሃያ አንድ ዓመቷ።

በአንድ የባቡር ቲኬት አገር ላገር እየዞርኩ ነው አለችን።

ስሎቬኒያ... ቪየና... ፕራግ... በርሊን...

ስምንት ሰው በሚተኛበት ክፍል አንድ አልጋ እየተከራየች። ርካሹ ሲጠፋ ባቡር ላይ እየተኛች። ዳቦና ቱና እየበላች።

«ይሄን ሁሉ አገር ስታዪ ምግብ የሚባል አላየሽም?» አለች አፀደ፣ ሽሮ እየጨመረችላት።

«ከየት ተነሳሽ?» አልኩ።

«ከቦሎኛ።»

እጄ ሳህኑ ላይ ቀረ...

ታናሽ እህቴ ተዋበች ቦሎኛ ናት። ድምጿን ከሰማሁ ሃያ አራት ዓመት።

«ተዋበች የምትባል ታውቂያለሽ?» አፀደ ናት።

ሃይሚ ውሃ አነሳች። ጠጣች። ጠጣች።

«እዚያ ሐበሻ ብዙ ነው፣ እትዬ...»

አፀደ እንጀራ ጨመረችላት።

ሁለት ቀን ያለችው ልጅ ሦስት ቀን ሆናት። ከሰዓት በኋላ ማይን ወንዝ ዳር አብራኝ ትሄዳለች። እኔ ወሬ አላበዛም፣ እሷም እንደኔው።

ብቻ በየመሃሉ...

«ጋሽ አስራት...»

«አቤት ልጄ።»

ታየኛለች... ታየኛለች...

«...ቤት ስንገባ ሻይ ላፍላልዎ?»

በሦስት ቀን የጠጣሁትን ሻይ በዓመት አልጠጣም።

በአራተኛው ቀን ቦርሳዋን ስታስር አገኘኋት።

«ወዴት ነው?»

«እንጃ... ብራስልስ መሰለኝ።»

ያኔ ተናገርኩ። በዕድሜዬ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

«ወደ ቤትሽ ስትመለሺ እህቴን ተዋበችን ፈልገሽ ቃል አድርሺልኝ። እኔ ብደውል ስልኩን ትዘጋዋለች። አንቺ ግን በሯ ላይ ቆመሽ የእግዜር እንግዳ ነኝ ብትያት ትከፍታለች።»

«ምን... ምን ልበላት?»

«እናታችን አገር ቤት ሞታ እኔ ቀድሜ ሰማሁ። ተዋበች ያኔ ለጣልያን ቤተሰብ የምትሠራ፣ ብቻዋን የምታድር ሴት ናት። መርዶ በስልክ ይነገራል? ማን ይይዛታል? ራሴ ሄጄ ልነግራት ፈለግኩ። አውስቫይሴ፣ የስደተኛ ወረቀቴ፣ ደግሞ ከከተማ አያስወጣኝም። ዛሬ ነገ ስል ሰባት ወር ሞላ... ገበያ ላይ አንዲት የማታውቃት ሴት ‹እናትሽን ነፍስ ይማር› አለቻት። ቆማ ሰማች። ከዚያ ወዲህ ለኔ ቃል የላትም።»

«ወረቀትዎ ሲስተካከልስ?»

«ወረቀቱ ሲስተካከል እኔ ፈራሁ። አንዴ ቲኬት ቆርጬ ባንሆፍ፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ ሄድኩ... ባቡሩ ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። ተዋበች ስቃ ስትጨርስ እንደገና ትጀምር ነበር። ያ ሳቋ ናፈቀኝ ልጄ። አስራት አጥፍቻለሁ ብሏል በያት። ይኸው ነው።»

ሃይሚ ተነስታ ወጣች። አፀደ ተከትላት ወረደች።

ሲመለሱ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል።

«ጉንፋን ነው» አለች አፀደ።

ብራስልስም ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ታች ቤት ያለው ኤርትራዊው ጎረቤታችን ነጋሲ... ከቤተ ክርስቲያን ሚናስ... ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው...

ሐበሻ በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ሲመጣ ለምን መጣችሁ አይባልም።

«ማን ነው?» ብቻ አልኩ።

ሃይሚ እግሬ ሥር ተንበረከከች።

«አጎቴ...» አለችኝ።

አጎቴ!

«የተዋበች ልጅ ነኝ። እማዬ አርፋለች... ዛሬ ሃያ ሦስት ቀኗ ነው።»

ነጋሲ በቀኝ ያዘኝ። ሚናስ በግራ።

አልቅሰን ስንደክም ልጅቷ እንዲህ አለች...

«ከቦሎኛ እዚህ በአንድ ቀን ይደረሳል አጎቴ። እኔ አሥራ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ባቡሩ ወደዚህ ሲል እኔ ወደዚያ እየወረድኩ... ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ስንት አገር ዞርኩ። እዚህ ደርሼም አቃተኝ።»

«ለምን አልደወላችሁልኝም?»

«እማዬ ከለከለችኝ። ሆስፒታል ሆና አድራሻዎን ሰጠችኝና እጄን ይዛ ‹ወንድሜ በስልክ እንዳይሰማ። ሄደሽ፣ ሰው ሰብስበሽ፣ ፊቱን እያየሽ ንገሪው። ያኔ ለምን እንዳዘገየብኝ አሁን ሕመሜን ላንቺ መንገር ስፈራ ገባኝ በይው› አለችኝ።»

...

ወገኖቼ፣ የምትወዱት ሰው እንዳይከፋው ብላችሁ እውነቱን አታቆዩበት። ይቅርታንም ነገ አትበሉ።

መንገዱ የአንድ ቀን ነው... ሃያ አራት ዓመት የምናደርገው እኛ ነን።

እናንተስ፣ ነገ እሄዳለሁ እያላችሁ ያላንኳኳችሁት በር የማን ነው?

ጻፉልኝ... አፀደ ታነብልኛለች።