«ከል» የተባለው አልበም

ልጇ ከሞተ ሠላሳ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ነገ አርባው ይወጣል፤ እሷን ግን ከሐዘኑ ይልቅ ያ ሲዲ አስፈርቷታል። ልጇ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር የሠራው የሄቪ ሜታል አልበም ነው። ስሙን «ከል» ብለውታል፤ ከመቶ ሰው በላይ አልሰማውም። እሷ አንድ ቀን በክፍሉ በር ስታልፍ ሰምታው ካማተበች ወዲህ፣ ውስጡ የሚጮኸው ነገር የሰው ድምፅ እንዳልሆነ አምናለች። ልጇ ከሰይጣን ጋር ዘፍኖ ከሆነ፣ ፍታት ምን ይረዳዋል?

«ውሰድልኝ! ከቤቴ ይውጣ» አለችው፣ የባንዱን ከበሮ መቺ ሚልኪያስን።

«ማዘር፣ አንዴ ብቻ ይስሙት፤ ከዚያ እኔው ራሴ አቃጥለዋለሁ።»

«ሞቼ እገኛለሁ!»

«እሱ እኮ ሊያሰማዎት ፈልጎ፣ እርስዎን ፈርቶ ነው የቀረው።»

ይህን ስትሰማ መቁጠሪያዋን አንሥታ ተቀመጠች። ሚልኪያስም አልበሙን የሠሩበትን ላፕቶፕ ከፈተ። ጊታሩ እንደ ነጎድጓድ አጓራ፤ ከሥሩ ያ ጩኸት ተነሣ። መቁጠሪያዋን ጨበጠች።

«ይኸው! ይኸው መጣ! በሥላሴ፣ ዝጋው አንተ ልጅ!»

«ይቆዩ፣ ሌላውን ላጥፋው» አለና ጊታሩን፣ ቤዝ ጊታሩን፣ የራሱን ከበሮ አንድ በአንድ ዝም አሰኘ። ጩኸቱ ብቻውን ቀረ።

«ታከለዬ! ልጅህን በምን አቅሜ ላሳድገው?»

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በባሏ ቀብር ላይ በቪዲዮ የተቀረጸ የራሷ ድምፅ ነበር።