ሎኒን ያነገሡት ሰዎች

ዌንደል ታኬት ሠላሳ ዓመት ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ኖክስቪል ከተማ ውስጥ ስለ ነፃ ትግል ከሱ በላይ የሚያውቅ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ ራሱ ነግሯቸዋል። በየሳምንቱ አስተያየቱን ኢንተርኔት ላይ ይጽፋል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ተከታዮች አሉት።

አሮጌው የትምባሆ መጋዘን ውስጥ አዲስ የትግል ድርጅት ሲከፈት ዌንደል ፊት ረድፍ ላይ ወንበር ያዘ። እሁድ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ ተፈልጎ አይገኝም። በዚህ ዓይነት ትግል አሸናፊው አስቀድሞ ቢሮ ውስጥ እንደሚወሰን ተመልካቹ አይጠፋውም። የሚያናድደው መወሰኑ ሳይሆን አወሳሰኑ ነው።

በዚያ ሰሞን ሁሉንም ያንገበገባቸው ትሪፕ ነበር፤ የድርጅቱ ባለቤት የሚስተር ራስኮ አማች። ጥርሱ ነጭ፣ ክንዱ ግንድ የሚያህል። ሲታገል ግን ፍሪጅ ከፎቅ የሚያወርድ ይመስላል። ያም ሆኖ አሥራ አንድ ሳምንት በተከታታይ አሸንፎ የሻምፒዮናውን ቀበቶ ታጥቋል።

«ኮከብ የሚሠራው እንዲህ ነው» አለ ዌንደል የተቀቀለ ለውዙን እየፈለፈለ። «መጀመሪያ የባለቤቱን ልጅ ታገባለህ። ሌላው ሁሉ ዕዳው ገብስ ነው።»

አጠገቡ የተቀመጠችው ዳርሊን ጎይንስ ከት ብላ ሳቀች። ስልሳን የተሻገረች ሴት ናት፤ ድሮ ፀጉር ቤት ነበረኝ ትላለች። ዌንደል አንድም ቀን ቀድሟት ደርሶ አያውቅም። ትሪፕን እንደሷ አድርጎ የሚሰድበውም የለም። ትሪፕ በተራው የፊት ረድፉን አንድ በአንድ ሲያበሻቅጥ እሷን ይዘላታል። ምላሷን ፈርቶ ነው ይባላል።

«አንተ ብትሆን ማንን ታነግሥ ነበር?» አለችው።

«ሎኒን ነዋ!»

ሎኒ ቀጭን ልጅ ነው፤ በሥራ ቀን ጎማ ይጠግናል፣ እሁድ እሁድ ይሸነፋል። አሸናፊ የተባለ ሁሉ አንስቶ ያፈርጠዋል። ከዚያ እያነከሰ ይመጣና የፊት ረድፉን ሰዎች ይጨብጣል። «ጋሼ ዌንደል፣ ዛሬም አሳፈርኩዎት» ይላል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ዌንደልን በስሙ የሚጠራው ሰው ብዙ አልነበረም።

«ለምን ሎኒን?» አለች ዳርሊን።

«እሱ ሲወድቅ እኔን ያመኛላ! ትሪፕ ሲያሸንፍ ግን ቁንጫ የነከሰኝ ያህል እንኳ አይሰማኝም። ይኼ ለዚያ ደደብ ራስኮ መቼ ይገባዋል?»

«ለሱማ አይገባውም» አለች። «እንደተናገርከው አድርገህ ጻፈው፤ አንዲት ቃል እንዳትጥል።»

ጻፈው። ተከታዮቹ በአንድ ሳምንት ሦስት ሺህ ገቡ። ዌንደል አዲስ ሸሚዝ ገዛ።

በቀጣዩ እሁድ ዳርሊን ጠጋ አለችውና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሎኒን በወሩ መጨረሻ ሊያሰናብቱት ነው።»

«ከየት ሰማሽ?»

«ፀጉር ቤት የከረመ ጆሮ ምን ያመልጠዋል?»

ዌንደል ለውዙን ወለሉ ላይ ደፋው። «ዛሬውኑ አድማ እንምታ! አንድ ሰው እዚህ እንዳይቀር!»

«ቀስ በል። ሰዎቹ ገና አልበሰሉም» አለችው። «ሁለት ሳምንት ይንተክተኩ። ከሄዱልህ ደግሞ የሚመለሱ ይመስልሃል? መሄድ የለም። ትሪፕ ሲገባ እዚሁ ሆነን ጀርባችንን እናዞርበታለን።»

ዌንደል በትዕግሥቷ ተገረመ። እንዲህ ያለች ሴት እያለች ድርጅቱን ራስኮ መምራቱ የዘመኑን መበላሸት የሚያሳይ ነው ብሎ ያንኑ ዕለት ጻፈ።

በሁለተኛው እሁድ ዘጠኝ መቶው ወንበር ሞልቶ ቀሪው ሕዝብ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። የትሪፕ ሙዚቃ ሲጀምር ሁሉም ብድግ ብሎ ጀርባውን ሰጠ። መጋዘኑ ጸጥ እረጭ አለ። ዌንደል አፍጥጦ የሚያየው የመውጫውን በር ነው። ልጁን እዚሁ እናድነዋለን ወይም እዚሁ እንቀብረዋለን ብሎ አሰበ።

ከኋላው የራስኮ ድምፅ በማይክ መጣ። «እሺ! ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«ሎኒ!» አለ መጋዘኑ በአንድ አፍ።

ራስኮ ባርኔጣውን መሬት ላይ ፈጠፈጠው። «እንግዲያውስ ውሰዱት!»

ሕዝቡ ዞረ። ሎኒ ከትሪፕ ጋር ገጥሞ ለሰባት ደቂቃ እንደ ጆንያ ተወረወረ፤ በስምንተኛው ትሪፕን ጣለው። ቀበቶውን አቅፎ አለቀሰ። ከዚያ የመድረኩን ገመድ ዘሎ መጣና ዌንደል አንገት ላይ ተጠመጠመ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት ያነገሡኝ!»

ዌንደል ከሚስቱ ቀብር ወዲህ እንዲያ አልቅሶ አያውቅም። ደስታውን ሊያካፍላት ወደ ዳርሊን ዞረ። ወንበሯ ባዶ ነው። እሷም እንባዋ መጥቶባት ይሆናል ብሎ አዘነላት።

ድል ያደረገ ሰው ወደ ቤቱ ቶሎ አይሄድም። ዌንደል ለራስኮ ኮከብ እንዴት እንደሚሠራ በዘጠኝ ነጥብ ሊያስረዳው ወደ ቢሮው አመራ። መተላለፊያው ላይ ሎኒ ቀበቶ ታጥቆ የሚታይበት ካናቴራ ይሸጣል፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ዌንደል አንድ ገዛ። መቼ እንደታተመ መጠየቅ አልታወሰውም።

የቢሮውን በር ሳያንኳኳ ከፈተው።

ትሪፕና ሎኒ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከአንድ ከረጢት ለውዝ ይበላሉ። ራስኮ ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ፣ የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ተማሪ ቆሟል። ከጠረጴዛው ጀርባ የተቀመጠችው ሴት መነጽሯን አውልቃ ቀና አለች።

«ና ግባ፣ ዌንደል» አለች ዳርሊን፤ «በል ንገረኝ፣ ሎኒ ስንት ሳምንት ቢያሸንፍ ነው የምትጠሉት?»