የጣሊያኑ ስቶቭ

«ዋጋውን ተይውና ደስ ያለሽን ምረጪ» አላት ባሏ።

ሻጯ የጣሊያኑን ስቶቭ እየወለወለች፣ «ታድለሽ እህቴ» አለቻት። ሚስትየው ግን ቦርሳዋን አቅፋ በሩን በሩን ታያለች።

ቤቷ በውድ ዕቃ ተሞልቷል። ፍሪጁ የገባው ጥርሷ የወለቀ ሰሞን ነው። የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑ የመጣው ክንዷ ተሰብሮ በጀሶ ታስሮ ሳለ ነው። ማይክሮዌቩንማ ዓይኗ አብጦ ስለነበር መልኩን ያየችው ከሰነበተ በኋላ ነው። ባሏ መትቷት ይቅርታ ብሎ አያውቅም፤ ዕቃ ይገዛል።

አሁን እሷ አልመርጥ ስትል ከሱቁ ሁሉ ውዱን ስቶቭ መረጠላት፤ ዋጋ እንኳ ሳይከራከር ከፈለ።

ጥርሶቿን በምላሷ ዳሰሰች። ክንዷን ቀስ ብላ ዘረጋች፣ አጠፈች። አንድም የሚያማት ቦታ የለም።

ባሏ ደረሰኙን ኪሱ ከተተና፣ «በይ፣ ወደ ቤት እንሂድ» አላት።